ቀይ ምላስ

«እስቲ ምላስሽን አውጪ» አለችኝ እትዬ ዘነበች።

ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ፣ ብሩሹን በጣቶቼ መሃል ይዤ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሷ ፊት ላይ ግን ፈገግታ የሚባል የለም።

«ምን አሉኝ?»

«ምላስሽን አውጪ። ሰምተሽኛል።»

አወጣሁላት። የደረስኩ ሴት፣ በሰው ሳሎን ውስጥ፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሕፃን ምላሴን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ጎንበስ ብላ አየችው። አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና እንደገና አየችው።

«ታ ጎዳው!» አለች፤ በወላይትኛ ጌታዬ ሆይ ማለቷ ነው። «አፈር ነው! ቀይ አፈር! ስንት ወርሽ ነው አንቺ?»

እርጉዝ ሴት አፈር እንደሚያምራት ታውቃላችሁ። እሷም ያሰበችው ይህንኑ ነው። ከዚህች ጥያቄ በኋላ የሆነውን ልነግራችሁ ነው የተነሳሁት፤ ግን ምላሴ ለምን ቀይ እንደሆነ አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ እናንተም እንደ እሷ ማሰባችሁ አይቀርም።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ፈተናውን እንደ አብዛኛው የክፍሌ ልጅ ወድቄ፣ ሶዶ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ልጅ ነበርኩ። ሰዎቼ ያሉት ቤሌ ነው። እናቴ ትደውላለች፤ «ሥራ ከሌለሽ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ» ትላለች። ቤሌን አልጠላም። ግን ያኔ አንዴ ከተመለስኩ የምወጣ አይመስለኝም ነበር። ሶዶ ላይ የያዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሚክ እሥላለሁ። በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ፣ ሰዎቹ በአረፋ ውስጥ እየተናገሩ የሚሄድ የሥዕል ታሪክ። በስልክ አይደለም፣ በኮምፒውተርም አይደለም። በእጄ፣ ወረቀት ላይ። የተሳሳተ መስመር በአንድ ጣት ተነክቶ ድራሹ የሚጠፋበት ነገር አይመቸኝም። ከተሳሳትኩ ስሕተቱ እዚያው ይቀመጥና ያናድደኝ።

ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ ቲቸር ማርቆስ ነው፤ የእትዬ ዘነበች ባል። ትምህርት ቤት ሳለን ሲቪክስ አስተምሮናል፤ የሥዕል ክበቡንም የሚመራው እሱ ነበር። ያኔ ሁለቱንም «እርስዎ» ነበር የምላቸው። አሁን ስጽፍ «እሱ»፣ «እሷ» እያልኩ ነው፤ ሲደርስ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ክበቡ ውስጥ ካስተማረን ሁሉ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። ብሩሽ ሲበታተን በከንፈር ይሾላል። «ውሃ አስነክሩትና በከንፈራችሁ መሃል ሳቡት፤ ጫፉ መርፌ ይሆናል። ከምራቅ የሚበልጥ የለም» ይለን ነበር። ከክበቡ የምንወጣው ሁላችንም ከንፈራችን ሰማያዊ ሆኖ ነው።

ታዲያ አንድ ቢሮ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚታደል ኮሚክ ፈለገ፤ ስለ እጅ መታጠብ። ልጆቹ አይተው ራሳቸው እንዲሞክሩት በእጅ የተሣለ፣ በእጅ የተቀባ ይሁን አሉ። ሥራው ለቲቸር ተሰጠው፤ ቲቸር ደግሞ ጠራኝ። እሱ ቃላቱን ይጽፋል፣ እኔ እሥላለሁ፣ ቀለሙን አብረን እንቀባለን።

«ስምሽ ሽፋኑ ላይ ከስሜ ጎን ይወጣል» አለኝ።

ለእኔ ያቺ ዐረፍተ ነገር ሶዶ መቅረት ማለት ነበረች። ስሜ ያለበትን መጽሐፍ ይዤ የሌላ ቢሮ በር አንኳኳለሁ። እናቴ ስትደውል «ሥራ አለኝ» እላታለሁ።

እንግዲህ ዕቃ ፍለጋ ጀመርኩ። ሶዶ ውስጥ ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች አንድ በአንድ ዞርኩ፤ ቆሻሻ ነው የገጠመኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ለፎቶ ኮፒ የሚሆነው ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ይነፋል፣ ሲደርቅም አይመለስም። ማርከሩ ጭንቅላት የሚበጠብጥ ሽታ አለው፤ ይባስ ብሎ ወረቀቱን አልፎ ጠረጴዛውን ይሥላል። የእርሳስ ቀለሙ ሰም ይበዛበታል፤ ብትጫኑት ብትጫኑት ከሥር ነጩ ያገጥጣል። እዚያው ፓኬት ውስጥ ባለ ሱቁ «የቆዳ ቀለም» የሚላት እርሳስ አለች። የማን ቆዳ እንደሆነ አላውቅም። የተላጠ ድንች ትመስላለች። የትምህርት ቤት ብሩሽ ደግሞ ፀጉሩ እየረገፈ ሥዕሉ ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፤ ትንሽ ልጅ ሥላችሁ ጢም ታወጣባችኋለች።

ቀስ በቀስ ግን አገኘሁ። ወረቀት ሰርተፊኬት ከሚያትሙ ሰዎች ለመንኩ፤ ያ ወፍራሙ፣ ውሃ የሚችለው። ብሩሽ ከኮስሞቲክስ ሱቅ ገዛሁ፤ ሴቶች ጥፍር ላይ አበባ የሚሥሉበትን ቀጭኑን። ለመስመሩ የሚሆን ጥቁር እስክሪብቶ ስመርጥ ባለ ሱቁን አሰለቸሁት። በእያንዳንዱ አሰምራለሁ፣ አውራ ጣቴን በምራቄ አርሳለሁ፣ አሻለሁ። ቀለሙ ፈስሶ ካለቀሰ እመልሳለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እስክሪብቶ ነው የምትገዢው ወይስ ልታገቢው ነው?» አለኝ።

«ያላለቀሰውን አገባለሁ» አልኩት።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ፊት። የኮሚኳን ልጅ ብርቱካን ብለናት ነበር፤ በማርከር ስንቀባት እውነትም ብርቱካን ሆና አረፈች። በሱቁ የውሃ ቀለም ስንቀባት የቆሸሸ ግድግዳ መሰለች። ቲቸር «የድንጉዛውን ሦስቱን እንቀላቅል» አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ወላይታ በደስታ ቀን የሚለብሰውን ጥለት ሁሉ በጥብጠን ያገኘነው የተቀቀለ ጉበት ነው። ያንን ፊት አይቼ ምሳ መብላት አቃተኝ። ልጆች ራሳቸውን ያዩበታል ተብሎ የሚሠራ መጽሐፍ ላይ ጉበት እንዴት ይቀባል?

ያገኘሁት ገበያ ላይ ነው። ሸክላ ሻጯ አማረች ድስቶቿን መሬት ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። አንዱ ድስት ላይ ፀሐይ አርፎበት ነበር፤ ቀይ ያልሆነ፣ ቡኒ ያልሆነ፣ ከውስጥ የሚሞቅ መልክ። ቆምኩ።

«ይሄ ላዩ ላይ የተቀባው ምንድን ነው?»

«አፈር ነዋ። ምን ሊሆን ነው?»

«አፈሩን ትሸጪልኛለሽ? ድስቱን አይደለም።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ሆዴ ላይ ቆየች።

«አረገዝሽ እንዴ?»

«ኧረ አላረገዝኩም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ላረገዘች በነጻ ነው የምሰጠው፤ ላላረገዘች እሸጣለሁ።»

«እንግዲያው አርግዣለሁ።»

ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። ከዘንቢሏ ሥር አንድ ሁለት ጓል አወጣችና በፌስታል ሰጠችኝ። «ጠጠር አለው፣ ዝም ብለሽ እንዳትቆረጥሚው። ጥርስሽን ሰብረሽ ኋላ እኔን እንዳትረግሚኝ» አለችኝ።

አማረች አጠገብ ቅቤ የሚሸጥ ሰው አይቀመጥም። ይህን ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገረውም። ሸክላ ሠሪዎቹን ጭናሻ ይሏቸዋል። የሠሩት ድስት ምድጃ ላይ ይወጣል፣ ወጡም ይበላል፤ እነሱ ግን ሰው ቤት ከመጡ ከደጅ ነው የሚቀመጡት። ውሃ ቢሰጣቸው ለእነሱ በተለየ ዕቃ ነው፣ ምግብ ቢሰጣቸው በኮባ ቅጠል። ዛሬ ቀርቷል ይባላል። አዎ፣ ስብሰባ ላይ ቀርቷል።

አፈሩን ፈጨሁት፣ በሻሽ ነፋሁት፣ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ጠጠሩን ከሥር ተውኩት። ከቤሌ ቆላ የመጣ የግራር ሙጫ ነበረኝ፤ ለብ ባለ ውሃ አሟሙቼ ቀላቀልኩት። ከዚያ ብርቱካንን አንድ ጊዜ ጉንጯ ላይ ነካሁ። ልጅቷ ከወረቀቱ ተነስታ አየችኝ።

ቲቸር ሲያየው ገጹን ከእጄ ነጥቆ ጉንጩ ላይ ለጠፈው። «ዘኑ! ነይ እይ! ማንን ይመስላል?»

እትዬ ዘነበች ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተን! ቁርጥ አንተን!» እየተሳሳቁ እንደ ሕፃናት ሆኑ።

«ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«አፈር ነው። ራሴ ነኝ የፈጨሁት።»

«አንቺ ልጅ ትልቅ ቦታ ትደርሻለሽ!» አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቀም፤ እኔም አልጨመርኩም። መደበቄ አልነበረም። ድስት ስትገዙ ማን ሠራው ትላላችሁ?

ሰኞ ልናስረክብ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎናቸው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን መቀባት ጀመርን። በአንድ ብልቃጥ አፈር፣ በሁለት ብሩሽ። እሱ ፊቶቹን፣ እኔ እጆቹን። ብሩሹን እንነክራለን፣ በከንፈራችን እናሾላለን፣ እንቀባለን። እሱ ያፏጫል። እትዬ ዘነበች ምሳ ፎሶሴ ሠርታ አበላችን፤ ጎመኑ ከበቆሎው ጋር ገና ትኩስ ነበር፣ «ብዪ እንጂ፣ አጥንት ብቻ ሆነሽ!» እያለች ደጋግማ ጨመረችልኝ። ውሃ የምጠጣው በሰማያዊ አበባው ብርጭቆ ነበር። እዚያ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ የእኔ ብርጭቆ እሱ ነው። ራሷ ናት «ይሄ የፍሬ ነው» ብላ የሰየመችው። ደግ ሴት ነበረች። ይህን የምጽፈው ለማለሳለስ አይደለም፤ ደግነቷ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ።

ከምሳ በኋላ ቲቸር ስልክ ተደውሎለት ግቢ ወጣ። ያን ጊዜ ነው እትዬ ዘነበች በሩን ዘግታ መጥታ ምላስሽን አውጪ ያለችኝ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አለች እንደገና።

ሳቄ መጣ። ስስቅ ፊቷ ባሰ።

«ሳቂ! ከማን ነው?» አለችና በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው፣ ስልክ ይዞ ወደሚንጎራደደው ባሏ አየች። እንደገና ወደ እኔ አየች።

ገባኝ።

«ኧረ እትዬ! ምን ነካዎት! ቀለሙ እኮ ነው! ብሩሹን በከንፈሬ ሳሾል ነው። ቲቸርም እንደዚያው ነው የሚያደርጉት፤ የእሳቸውንም ምላስ ይዩት!»

«አፈር አትበዪም?»

«አልበላም!»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው!»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪመጣ። «ልቤን አወጣሽው እኮ! አንቺ የማትረቢ! ሰይጣን ምን ምን አሳሰበኝ መሰለሽ!» እጇ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ይሞቃል። «ግን ንጹሕ ነው? አፋችሁ ውስጥ እየገባ፣ በሽታ እንዳይኖረው።»

«ንጹሕ ነው። አማረች ናት የሰጠችኝ። እሷም እንደ እርስዎ አረገዝሽ ወይ ብላ ስትስቅብኝ ነበር።»

«የቷ አማረች?»

«ገበያ ላይ ድስት የምትሸጠዋ።»

እጇ ተነሳ። ቶሎ አልተነሳም፤ መጀመሪያ ክብደቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ሙቀቱ፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ምንም አልነበረም።

«ጭናሻዋ?»

«አዎ።»

ያንን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። ሁለት ጊዜ። እኔን ሳታይ፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው፣ «እርግዝና ቢሆን ይሻል ነበር» አለች።

ይህን በደንብ አንብቡት። ከባሏ አርግዛለች ብላ ጠርጥራኝ ነበር። እሱ ይሻል ነበር።

«ማርቆስ!» ብላ ተጣራች። «ና ግባ! ምላስህን አውጣ!»

ቲቸር ስልኩን በእጁ እንደያዘ እየሳቀ ገባ። «ምን ሆናችሁ?»

«ምላስህን አውጣ አልኩህ!»

አወጣ። የሲቪክስ መምህራችን ሳሎኑ መሃል ቆሞ ለሚስቱ ምላሱን አሳየ፤ ከጫፍ እስከ ሥር ቀይ ነው። እኔንም በዓይኑ ጠቀሰኝ። በሕይወቴ ለመጨረሻ ጊዜ የወደድኩት ያን ቅጽበት ነው።

«አፈሩ የጭናሻ ነው» አለችው። «ከዚያች ከድስት ሻጯ ነው ያመጣችው። ከጠዋት ጀምሮ አፍህ ውስጥ ነው።»

ምላሱ ተመለሰ። አፉ ተዘጋ። ከዚያ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ እንጃ። ሰውየው ምራቁን መዋጥ አቃተው። ጉንጮቹ ተነፉ። ዓይኑ ወለሉን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ የኮሚኩን ገጾች አየ፤ የሚተፋበት ቦታ እየፈለገ ነው። ያ የተማርኩበት አፍ። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት እያዘዘ ያስጻፈን፣ ስንሳሳት እየደገመ ያስጻፈን አፍ። ሮጦ ወጣ።

የግቢው ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ። ሲተፋ ሰማሁ። ሲጉመጠመጥ፣ ሲተፋ፣ ሲያጓራ፣ እንደገና ሲተፋ። ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ የከተተ ይመስለኛል፤ ፎሶሴው የወጣበትን ድምፅም ሰማሁ። ከዚያ የጥርስ ብሩሽ ድምፅ መጣ፤ ፋጭ ፋጭ ፋጭ። አላቆም አለ። እትዬ ዘነበች ቆማ ትሰማለች፣ እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ፣ ብርቱካን ገጹ ላይ ባልዲ ፊት ቆማ እጇን ትታጠባለች።

ሲመለስ አገጩ ላይ የጥርስ ሳሙና አረፋ ነበረበት። ከሩቅ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ፍሬ። አላወቅሽም።»

«አውቄ ነው።»

«እሺ… እኔ በግሌ ችግር የለብኝም። ታውቂኛለሽ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ግን ሰው ምን ይላል? መጽሐፉ የልጆች እጅ ይገባል።»

«የሚታተመው እኮ ፎቶው ነው ቲቸር። አፈሩ አይደለም።»

«ዋናው ሥዕል ቢሮ ውስጥ ይሰቀላል። ‹ቀለሙ ከየት ነው?› ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበል?»

«ከአማረች ይበሏ።»

እትዬ ዘነበች ከንፈሯን መጠጠች።

«ዛሬና ነገ ቁጭ ብለን በሱቁ ቀለም ደግመን እንቀባዋለን» አለ ቲቸር። «ይደርሳል።»

«ጉበት ነው የሚሆነው። አብረን አይተነዋል።»

«ጉበት ይሁን!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ደነገጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጉበት ይሁን ፍሬ። ምናለበት።»

ይህን ጊዜ እትዬ ዘነበች ሰማያዊ አበባውን ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልላ አነሳችው። ውሃው ግማሽ ድረስ ነበረበት። ወደ ጓዳ የምትወስደው መስሎኝ ነበር። በሩን ከፍታ ከደፉ ውጪ፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በሩንም መልሳ ዘጋችው። ሁለታችንም የዚህ አገር ልጆች ነን፤ ደጅ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ የማን እንደሆነ እናውቃለን።

ከዚያ ቲቸር ጠየቀኝ። ሲያስተምረኝ በአማርኛ፣ ሲያርመኝ በአማርኛ፣ ሲያሞግሰኝ በአማርኛ ነበር። ይህቺን ግን በወላይትኛ ጠየቀኝ፤ ለስለስ አድርጎ።

«ፍሬ፣ ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ቆሞሽ ምንድን ነው?»

ቆሞ ማለት ጎሳ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስቁማችሁ። የተጠየቅኩት አንድ ቃል ነው። አንድ የጎሳ ስም፤ ቅቤ ሻጭ የማይሸሸው፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጎሳ ስም። እውነትም ይሁን ውሸት ቤሌ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ የለም። ያንን ቃል ብናገር ብርጭቆው ተመልሶ ይገባ ነበር። «ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» ተብሎ ያልፍ ነበር። ስሜ ሽፋኑ ላይ ይወጣ ነበር፣ ሶዶም እቀር ነበር። ቃሉ እዚያው አፌ ውስጥ ነበር፤ አፈሩ በነበረበት ቦታ።

አልተናገርኩም።

እናንተም አሁን «ታዲያ የማን ልጅ ናት?» እያላችሁ ነው። አውቃለሁ። አልነግራችሁም። ጭናሻ ነኝ ብዬ ብነግራችሁ «አሃ፣ ለዚህ ነው የተናደደችው» ትላላችሁ። አይደለሁም ብዬ ብነግራችሁ ደግሞ «እንዴት ያለች ደግ ልጅ!» ትላላችሁ። ሁለቱም ያቅለሸልሸኛል። እንደማልነግራችሁ ስታውቁ ትንሽ ቅር ካላችሁ፣ እሱን ቅሬታ ያዙትና ከየት እንደመጣ ራሳችሁን ጠይቁ።

መጽሐፉ ታትሟል። ሌላ ሰው በኮምፒውተር ሣለው። የብርቱካን ፊት ብስኩት መስሏል፤ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ የማንም ያልሆነ። እኔ ይህን የምጽፍላችሁ ቤሌ ሆኜ ነው። እፈራው የነበረው ደረሰ፣ አልሞትኩም። የራሴን ኮሚክ እሥላለሁ፣ በከለር አስባዝቼ ገበያ ላይ እሸጣለሁ። በፊት የሰው ቤት ስገባ የማየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ነበር፤ አሁን ደጁ ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ነው። የጥርስ ሳሙና ሽታ እስከ ዛሬ ያስመልሰኛል፤ በመፋቂያ ነው የምፍቀው። ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች «ለኮሚክ ምን ዓይነት ቀለም ልግዛ?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ወረቀቱ ወፍራም ይሁን። እስክሪብቶውን በረጠበ ጣት ሳታሹ አትግዙ። ማርከር ተዉት፣ ሳንባችሁን ነው የሚሥለው። ለፊት የሚሆን ቀለም ሱቅ ውስጥ አታገኙም፣ አትድከሙ፤ ከእግራችሁ ሥር ነው። ያሳያችሁት ሰው «ከየት አመጣሽው?» ሲላችሁ ግን ከማን እንዳገኛችሁት ስሟን ጠርታችሁ ንገሩት፤ ከዚያ ምራቁን የት እንደሚያደርግ እዩ።

ወደ ሳሎኑ ልመልሳችሁ።

ቲቸር መልስ እየጠበቀ ነው። እትዬ ዘነበች በሩን ተደግፋ ቆማለች። ፊቴ ያለው የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ብርቱካን ውሃው ሥር እጆቿን ዘርግታለች፤ ቀኙ ተቀብቷል፣ ግራው ገና ነጭ ነው። ብሩሹን ብልቃጡ ውስጥ ነከርኩት። ወደ አፌ ወሰድኩት። በከንፈሮቼ መሃል ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ ጫፉ መርፌ ሆነ።

«ታ ጎዳው» አለች እትዬ ዘነበች በሹክሹክታ።

የብርቱካንን አውራ ጣት ቀባሁ። ጠቋሚ ጣቷን ቀባሁ። ብሩሹ ሲበታተን እንደገና ወደ አፌ።

«ፍሬ፣ ጠየቅኩሽ እኮ» አለ ቲቸር።

ትንሿን ጣቷን ቀባሁ። መዳፏን ሞላሁ። የደረቁትን ገጾች ሰብስቤ ብብቴ ሥር ያዝኩ፤ ብልቃጡን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እርጥቡ ገጽ እንዳይፈስ በሁለት መዳፌ ላይ አጋድሜ አነሳሁትና በሩ ጋ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ቀሚሷን ሰብስባ ከመንገዴ ራቀች።

«በሩን ክፈትልኝ» አልኩት ቲቸርን። «እጄ ተይዟል።»

ተነስቶ ከፈተልኝ። ከአፉ የጥርስ ሳሙና ይሸታል።

«የማን ልጅ እንደሆንሽ ብትነግሪኝ እኮ…» አለ።

ብሩሹን በጥርሴ ነክሼው ነበር። ገጹን እንዳያዘነብል ቀጥ አድርጌ ይዤ፣ ብርጭቆውን ተራምጄ ወጣሁ።